ልክ

የኔ ሥራ መለካት ነው፤ ሜትሬ ካንገቴ አይወርድም፤
ሰው ለኔ ወገብ ነው፣ ክንድ ነው፤ ከቁጥር ወዲያ አልፈርድም።
በባሕር ዳር ገበያ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ረገጥኳት፣ ይህችን አሮጌ ሲንጀር።
ደብተር አለኝ፣ ሽፋኑ ሄዶ ክሩ ብቻ የቀረ፣
ያገሬው ትከሻ ሁሉ በእርሳስ የሰፈረ።
ካንዱ ገጽ ራስጌ ላይ፦ ታደገ ዋሴ።
ወገብ፣ ሰባ አራት።

ያኔ ሳጅን ነበረ፣ ቀጭን እንደ ደንገል፣
«ለሻይ» ያልከው እንደሁ ፊቱ የሚከስል።
ጌሾ የጫነች ጀልባ ከዘጌ ስትመጣ፣
ሐምሌ ነው፣ ማዕበሉ ግንብ አህሎ ሲወጣ፣
ሆዷ ተሰንጥቆ ሰዉን ብታራግፍ፣
እሱ ብቻ ገባ፣ ሌላው ቆሞ ሲለፍፍ።
ዘጠኝ ሰው አወጣ። አሥረኛዋ ልጅ ናት፤
እስከ ሦስተኛው ቀን ጣና አልመለሳት።
ሜዳይ ሸለሙት። ከግራ ኪሱ በላይ
ማንጠልጠያዋን ሰፋሁ፣ ክሯ እንዳይታይ።
«ምናሉ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሥረኛዋን የት ላይ ነው የምትሰፋልኝ?»
አፌ ስፒል ይዞ ነበር።

ኢንስፔክተር ሲሆን ሰባ ስምንት። ኮማንደር፣ ሰማንያ ስድስት።
ኋላ ምርጫ መጣ፤ ስሙ ለመፈክር ይጥማል፤
«ታደገ ይታደገናል!» ሞንታርቦው ያስተጋባል።
እኔም መርጬዋለሁ፤ ጣቴ ላይ ቀለም ነበር፤
በዚያው ጣት ቆረጥኩለት፣ ለሱፉ ገበር።
«ኪሱን ጠለቅ አድርገው» አለኝ፤ ጠለቅ አደረግሁ፤
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የኪስ ምክንያት መቼ ጠየቅሁ?

ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ሁሉም ሰምቷል።
ታንኳ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ደንገል የሚያጭድበት ዳር
በገረጋንቲ ተሞልቶ ታጠረ ባንድ አዳር።
ካርታው ወጣ፣ ባማቹ ስም።
ለእምቦጭ የተዋጣው ብር ለማሽን ወጣ፣ ተጻፈ፤
ማሽኑ በወረቀት ላይ ከማኅተም ማኅተም ቀዘፈ፤
እምቦጩ እያበበ በደጃችን አለፈ።
እሱ ግን በየመስቀሉ ይመጣል፤ ዘጠና አራት፣ መቶ ሁለት።
«ሜትርህ አጥሯል» ሲለኝ፣ «ይሆናል ጌታዬ» አልኩት።

እውነቱን ልናገር።
የሱቄን ውዝፍ ግብር እሱ ነው ያስነሳልኝ፤
ልጄን ማዘጋጃ ቤት እሱ ነው ያስቀጠረልኝ።
ሜትር ሁለት ጫፍ አለው፤
አንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በጥምቀት ማግስት ያዙት። ያሰረው ልጅ እግር ሳጅን
እጁ ለምዶበት ቀድሞ ሰላምታ ሰጠ፤
ቀጥሎ ካቴና አጠለቀ፤
ፊቱ እንደ ጥፋተኛ በላብ ቀለጠ።
ችሎት ላይ የዋሴ ልጅ ዋስ ጠርቶ ዋስ አጣ፤
ሱፉ በፌስታል ተጠቅልሎ ካንድ ሲባጎ ጋር መጣ።
«ለቀጠሮ ነው፤ አጥብበው» አለች ይታይሽ፣ ሚስቱ፤
ወገቡን ለክቶ የቋጠረው እሱ ነው፣ ሰባታሚት፣ በእስር ቤቱ።

ሲባጎውን ሜትሬ ላይ ዘረጋሁት።
ሰባ አራት ይሆን ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።
ሰባ ዘጠኝ ነው።
ሰው ወደ ፊተኛ ልኩ አይመለስም መሰለኝ።
ጥልቁን ኪስ ፈታሁት፤
ውስጡ አንድ የሎሚ ከረሜላ ወረቀት ነበር።

አመሻሽ ላይ በዚያ በቆርቆሮው አጥር በኩል አለፍኩ፤
ጣና ከሥሩ ይመጣል፣ ይነካዋል፣ ይመለሳል፣
ደግሞ ይመጣል፣
ደንበኛው አልቆም ብሎት ደጋግሞ እንደሚለካ ሰው።

ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ የራሴን ወገብ ለካሁ።
ደብተሩ ተከፍቶ ነበር፤ እርሳሱም ተቀርጾ።
አልጻፍኩትም።